ከሽንፋ ግቢ ከዋክብትን ማየት፦ ምን ይገዙ፣ የት ያስቀምጡ፣ ምን ይፈልጉ

የሰማይ ፍቅር የያዘው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛውን ቴሌስኮፕ ልግዛ?» ብሎ ነው። ለሽንፋ ነዋሪ ግን ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል። በዚህ ሥራ ገንዘብ የማይገዛው ነገር ጨለማ ነው፤ ጨለማ ደግሞ በመተማ ቆላ በነጻ ይገኛል። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ይሁን እንጂ ከሥራቸው የተንጣለለው የአዲስ አበባ መብራት ሰማዩን እያደበዘዘባቸው ስለሆነ፣ ባለሙያዎቻችን ለወደፊቱ ትልቅ ማዕከል የላሊበላን አካባቢ ተራሮች ሲያጠኑ ቆይተዋል። እነሱ ፍለጋ ተራራ የሚወጡለትን ጨለማ እርስዎ ከጓሮዎ ያገኙታል።

ሁለተኛው ጸጋ አቀማመጡ ነው። ሽንፋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 እና በ13 ዲግሪ መካከል ትገኛለች። ስለዚህ የሰሜን ኮከብንና የደቡብ መስቀልን በአንድ ሌሊት ማየት ይቻላል፤ ብዙ አውሮፓውያን ግን ይህን ለማየት አውሮፕላን መሳፈር አለባቸው። ፕላኔቶቹም ብዙ ጊዜ አናት ላይ ስለሚያልፉ አጥርና ዛፍ አይከልላቸውም።

በሌላ በኩል ቆላው የራሱ ችግር አለው፦ አቧራ፣ ሙቀት፣ ትንኝ፣ ምስጥ። ይህ መመሪያ ጸጋውን እየተጠቀሙ ችግሩን እንዴት እንደሚያልፉት በቅደም ተከተል ያሳያል።

ደረጃ 1፦ ወሩንና ጨረቃዋን ይምረጡ

ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ የዝናብ ነው። ዋናው የሥራ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ደመና የለም፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ከመጋቢት ጀምሮ ሙቀቱ ይበረታል፤ ከሱዳን በኩል የሚነፍሰው አቧራና የሚቃጠለው ሣር ጭስ ለአድማስ ቅርብ የሆነውን ሰማይ ያጠይመዋል። በዚህ ጊዜ ዝቅ ያሉትን ትተው አናት ላይ ያሉትን ይመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አየሩን ካጠቡት በኋላ ግን በደመናዎቹ መሐል እጅግ የጠሩ ሌሊቶች ይገኛሉ፤ አያሳልፏቸው።

ጨረቃን ለማስላት የሂጅራን ቀን ማወቅ ይበቃል። እርስዎ ካላወቁ ሙስሊም ጎረቤትዎን ይጠይቁ። ከወሩ 7 እስከ 10 ያለው ጨረቃዋን ራሷን ለመመልከት የሚመች ጊዜ ነው። በ14 እና በ15 ሙሉ ስለምትሆን ደብዛዛ ኮከቦች ይጠፋሉ። ከ20 በኋላ እስከ አዲሱ ጨረቃ ድረስ አምሽታ ስለምትወጣ የምሽቱ ጨለማ የእርስዎ ነው። ጋላክሲና የኮከብ ክምችት የሚፈለገው በእነዚያ ምሽቶች ነው።

ደረጃ 2፦ ግቢውን ያሰናዱ

ቀን ላይ ግቢውን ይዙሩና ሰሜንና ደቡብ የሚታይበትን ቦታ ይምረጡ። ቦታው ከቆርቆሮ ጣሪያና ከድንጋይ ግንብ ራቅ ያለ ይሁን፤ ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ሲተፉት አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ በቴሌስኮፕ የሚታየውም ምስል አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከማየትዎ በፊት መሬቱን ጥቂት ውኃ ይርጩበት፤ አቧራው እንዲረጋ ያህል እንጂ እንዲጨቀይ አይደለም።

የጎረቤት አምፖል የሚያስቸግርዎ ከሆነ ሰሊጥ የሚወቃበትን ሸራ በገመድ ሰቅለው ይከልሉት። የራስዎን ደግሞ ያጥፉ። መብራት የጠፋበት ምሽት ሲገጥምዎ ከማማረር ይልቅ ወደ ውጭ ይውጡ። ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የስልክ መብራት ካየ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ የስልክዎን ባትሪ በሁለትና በሦስት ድርብ ቀይ ፌስታል ይሸፍኑት፤ ደብዛዛ ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን ብዙም አይጎዳም።

ደረጃ 3፦ ሰውነትዎን ይጠብቁ

ይህን ደረጃ የውጭ አገር መጻሕፍት አይጽፉትም፤ በመተማ ግን ከመሣሪያው ይቀድማል። ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚመጣው የወባ ወቅት ከጥሩ ሰማይ ወቅት ጋር ይገጥማል። ከወባ ትንኝ ሌላ የካላ አዛርን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አለች። ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ የምትናከሰውም ከምሽት ጀምሮ ሌሊቱን ነው። በተሰነጠቀ ዋልካ መሬት፣ በምስጥ ኩይሳና በግራር ሥር መኖር ትወዳለች።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፦

• እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ረጅም ሱሪ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ይልበሱ። በተራቆተው ቆዳ ላይ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀቡ፤ ከዚያ ግን ጣትዎ ሌንስ እንዳይነካ ይጠንቀቁ፣ ቅባቱ የሌንሱን ሽፋን ያበላሻል።
• ከግራር ሥር፣ ከኩይሳ አጠገብና ከተሰነጠቀ መሬት ላይ አይቀመጡ።
• መሬት ላይ ከመጋደም ይልቅ ጠፍር አልጋ አውጥተው ይጋደሙ። የጊንጥና የእባብ ስጋትም በዚሁ ይቀንሳል። ጫማ አውልቀው ከነበረ ሳያራግፉ አያጥልቁ።
• ሲጨርሱ አጎበርዎ ውስጥ ይግቡ። ትኩሳት ከያዘዎ ወይም ሰውነትዎ ከቀነሰ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም ሄደው ይመርመሩ።

ሌላው ጉዳይ ሽንፋ የድንበር አካባቢ መሆኗ ነው። በጨለማ የተደቀነ ረጅም ቱቦ ለማያውቀው ሰው የጦር መሣሪያ ሊመስል ይችላል። አስቀድመው ለጎረቤትና ለቀበሌው ይንገሩ፤ ቢቻል ጠርተው ጨረቃን ያሳዩአቸው። ቴሌስኮፕም ሆነ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ወደ መንገድ፣ ወደ ካምፕ ወይም ወደ ድንበሩ አያዙሩ። አረንጓዴ ሌዘር ጨርሶ አይጠቀሙ። ሰዓት እላፊ ካለ ከግቢ አይውጡ። ፀጥታው አስጊ በሆነበት ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ይቆይ፤ ነገም አለ።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ በዓይንዎ ይማሩ

ምንም ሳይገዙ ቢያንስ አንድ የጨረቃ ዙር በባዶ ዓይን ይመልከቱ። ስቴላሪየም የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ኔትወርክ ካለበት ቦታ አውርደው ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ቦታዎን ያስገቡለትና የማታውን ቀይ ገጽ ይክፈቱ።

የሰማይን ርቀት በእጅዎ ይለኩ። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ፣ ሙሉ ጨረቃ ደግሞ ግማሽ ዲግሪ። የሰሜን ኮከብን ለማግኘት በሰሜን አድማስ ላይ አንድ ጭብጥና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጉ። ዝቅ ያለ ስለሆነ አቧራ ባለበት ምሽት ሊደበዝዝ ይችላል።

የወራቱ ዋና ዋና እይታዎች እነዚህ ናቸው፦

• ኅዳር፣ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ፦ በስተሰሜን ከፍ ብሎ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ። በባዶ ዓይን ትንሽ የጉም ቁራጭ ነው። የሚያዩት ብርሃን ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል።
• ታኅሣሥ፣ ምሽት 4 ሰዓት ገደማ፦ ሰባቱ ከዋክብት አናት አጠገብ። በታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ጀሚኒድ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች ይበዛሉ፤ ምርጡ ሰዓት ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ነው። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፣ አልጋው ይበቃል።
• ጥር፦ ኦሪዮን። በመሐሉ ከተደረደሩት ሦስት ኮከቦች በታች ያለው ጭጋግ አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱበት ደመና ነው።
• የካቲት፣ ምሽት 2 ሰዓት፦ በስተደቡብ ከሰማይ ኮከቦች ሁሉ የደመቀው ሲሪየስ፣ ከሥሩም ሁለተኛው ካኖፐስ።
• ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ ከምሽቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፦ የደቡብ መስቀል። ከአድማስ 17 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚነሣ የደቡቡ አድማስ ክፍት መሆን አለበት። ከእሱ በስተግራ ከፍ ብሎ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የኮከብ ክምችት ይገኛል፤ በመነጽር ሲያዩት ክብ የብርሃን ጉም ነው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ግዢ መነጽር ይሁን

ከቴሌስኮፕ በፊት ባለ ሁለት ዓይን መነጽር (ባይኖኩላር) ይግዙ። በላዩ ላይ 10×50 ወይም 7×50 የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በጨለማ ከተከፈተ የዓይን ብሌን 50 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። 20 እና 30 ጊዜ ያቀርባል የሚባለውን በእጅ የሚያዝ መነጽር ይተዉት፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል።

ሲገዙ ቀን ላይ የሩቅ ምሰሶ ይመልከቱበት። ሁለት ምስል ከታየ ወይም ዓይንዎን ካደከመ ይመልሱት። ከውጭ አገር በዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ አስቀድመው ጉምሩክን ይጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል።

አያያዙ ግማሽ ሥራ ነው። ቆሞ ያየ ሰው ኮከቡ ሲዘል ያያል። አልጋ ላይ በጀርባዎ ይጋደሙ፣ ክርንዎን በደረትዎ ጎን ያሳርፉ፣ ከራስዎ ሥር ትራስ ይደርድሩ። ዝቅ ብሎ ለሚታይ ነገር ደግሞ ወንበር አዙረው መነጽሩን መደገፊያው ላይ ያስደግፉት። በዚህ አያያዝ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች፣ የጨረቃን ጉድጓዶች፣ ከሰባቱ ከዋክብት መሐል ደግሞ ዓይን የማያያቸውን በርካታ ኮከቦች ያያሉ።

ደረጃ 6፦ ቡናን ይፈልጉ

መነጽሩን ከለመዱ በኋላ የኢትዮጵያን ኮከብ ይፈልጉ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤችዲ 16175 የሚባለው ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባለ። አቦልን በዚህ መሣሪያ ማየት አይቻልም፤ ቡና ግን ለባዶ ዓይን ትንሽ ብቻ ስለሚደበዝዝ 10×50 መነጽር በደንብ ያሳየዋል።

1. ከጥር 1 ጀምሮ ጨረቃ በሌለበት ምሽት፣ በ2 ሰዓት ገደማ ፊትዎን ወደ ሰሜን ያዙሩ። ቦታው ከአድማስ 60 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ስድስት ጭብጥ ከፍታ ላይ ነው።
2. በስቴላሪየም አልማክና አልጎል የተባሉትን ሁለት ደማቅ ኮከቦች ይለዩ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአንድ ጭብጥ ጥቂት ይበልጣል።
3. መነጽሩን የሁለቱ እኩሌታ ላይ ያነጣጥሩ። ኤም 34 የሚባል የተበታተነ የኮከብ ክምችት ይታይዎታል፤ ምልክትዎ እሱ ነው።
4. ከክምችቱ ወደ አልማክ በኩል፣ ከሙሉ ጨረቃ ሁለት እጥፍ በሚበልጥ ርቀት ያሉትን ኮከቦች ከስልኩ ካርታ ጋር ያስተያዩ። ኤችዲ 16175 ብለው ሲፈልጉ ካርታው ከመካከላቸው አንዱን ያሳይዎታል። ቡና እሱ ነው።

ይህ ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው፣ እዚሁ ጎረቤት ቋራ የተወለደው ካሣ ኃይሉ ገና ልጅ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው።

ደረጃ 7፦ ቴሌስኮፕ ሲገዙ ስፋቱን ይጠይቁ

ሻጩ «ስንት ጊዜ ያቀርባል» የሚለውን ይነግርዎታል፤ እርስዎ ግን የመስታወቱን ስፋት ይጠይቁ። ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ» ተብሎ የተጻፈበት ባለ 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ እግሩም ቀጭን የሆነ ቴሌስኮፕ ልጅን ተስፋ የሚያስቆርጥ አሻንጉሊት ነው። ለጀማሪ የሚሆነው ዶብሶኒያን የሚባለው ዓይነት ነው፦ መስታወት ያለው ቱቦ በቀላል የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጦ በእጅ እየተገፋ ይዞራል። ሞተር የለውም፣ መብራት አይፈልግም፣ የሚበላሽበትም ነገር ጥቂት ነው። ሳጥኑ ቢሰበር የሠፈር አናጺ ይሠራዋል።

ከ130 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃዎታል። ባለ 150ው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር በላይ ርዝመት፣ ወደ 15 ኪሎ ክብደት አለው፤ ለጉዞ ያስቸግራል። ስካይዋቸር ሄሪቴጅ 130ን የመሰለው ታጣፊ ግን በሻንጣ የሚመጣ ነው፤ በጠንካራ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ታጣፊው ቱቦ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑት፤ የጎን ብርሃንንም አቧራንም ይቀንሳል።

የሚያጎላበትን መጠን ራስዎ ያስሉ። የቱቦው የትኩረት ርዝመት ለዓይን ሌንሱ ይካፈላል። 650 ሚሊ ሜትር ለ25 ሲካፈል 26 ጊዜ፤ ለ10 ሲካፈል 65 ጊዜ ይሆናል። በ26ቱ ፈልገው ያግኙ፣ በ65ቱ ይመርምሩ። በ65 ጊዜ የሳተርን ቀለበት ተለይቶ ይታያል።

ቴሌስኮፑ በመኪና ተንገጫግጮ ስለሚመጣ መስታወቶቹ ይዛነፋሉ። ለመፈተሽ አናት ላይ ያለ ደማቅ ኮከብ በ65 ጊዜ ያምጡና ትኩረቱን ሆን ብለው ያዛቡት። ኮከቡ ወደ ቀለበትነት ይሰፋል። በመሐሉ ያለው ጥቁር ነጥብ መሐል ላይ ከተቀመጠ ደኅና ነው። ወደ ጎን ካዘነበለ የመስታወቱን ማስተካከያ ብሎኖች በሩብ ዙር እያዞሩ፣ ኮከቡን በየጊዜው ወደ መሐል እየመለሱ ያስተካክሉት።

ደረጃ 8፦ ዕቃውን ከቆላው ያድኑ

አቧራ ሌንስ ላይ ሲያርፍ በጨርቅ አይጥረጉት፤ የዋልካው ደቃቅ ጠጠር ሌንሱን ይቧጭረዋል። በጆሮ ማጠቢያ የጎማ ኳስ ንፋስ ይንፉበት፣ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። በአፍዎ አይንፉ፤ ምራቅ ይረጭበታል። የቴሌስኮፕ መስታወት ላይ ያለ ጥቂት አቧራ እይታን አይጎዳም፣ ይተዉት።

የሚቀመጥበት ሳጥን ከቆርቆሮ ግድግዳ የራቀ፣ የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ይሁን። ከወለሉ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከፍ ያድርጉት፤ መሬት ከነካ ምስጥ ይገባበታል። ክረምት ላይ በእርጥበት ምክንያት ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ስለሚያድግ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስበው ከዕቃው ጋር ይዝጉባቸው። በየሁለት ሳምንቱም ደረቅ ቀን ጠብቀው በጥላ ሥር አየር ያስነኩት።

ከማየትዎ በፊት ቴሌስኮፑን ፀሐይ እንደገባች ያውጡት፤ መስታወቱ ከውጩ አየር ጋር ሳይስማማ ምስሉ አይረጋም።

ደረጃ 9፦ ፀሐይን አይንኩ

ቴሌስኮፕም ሆነ መነጽር ወደ ፀሐይ ዞሮ ዓይን ቢጠጋው ወዲያው ያሳውራል። የኤክስሬይ ፊልም፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ ሁሉም አያድኑም። ቱቦውን ቀን ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ግቢ ውስጥ አይተዉት፤ መስታወቱ የሰበሰበው ጨረር የሣር ክዳንና የደረቀ አገዳ ሊያቀጣጥል ይችላል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ሳጥኑን ይቆልፉ።

ይህን አሁን መማር የሚያስፈልገው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ስላለ ጭምር ነው። ሙሉው ጨለማ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ በሱዳን ሰሜናዊ ምሥራቅ ጫፍና በመካ በኩል ወደ የመን ያልፋል፤ በእኛ አገር ግን ፀሐይ የምትሸፈነው በከፊል ነው። ደመና ካልከለከለ ለግርዶሽ በተሠራና አይኤስኦ 12312-2 የሚል ምልክት ባለው የዓይን መነጽር ብቻ ይታይ። እሱ ከሌለ ካርቶን በመርፌ በስተው፣ ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ቀዳዳው በወረቀት ላይ የሚጥለውን ትንሽ ምስል ይመልከቱ።

ደረጃ 10፦ ይጻፉ፣ ያሳዩ

አንድ ደብተር ይመድቡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አየሩ የጠራ ወይም አቧራማ መሆኑን፣ ያዩትን ነገርና የተጠቀሙበትን መሣሪያ ይጻፉ፤ ክብ ሠርተው በእርሳስ ይሳሉት። ከአንድ ዓመት በኋላ ይህ ደብተር የሽንፋ ሰማይ በየትኛው ወር እንደሚጠራ ከማንም በተሻለ ይነግርዎታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ሲገለብጥ ነው። ቴሌስኮፑ ቀድሞ ይመጣና ወዴት እንደሚዞር የሚያውቅ ሰው ይጠፋል፤ በሁለተኛው ወር ሳጥን ውስጥ ይገባል። ዓይን፣ ከዚያ መነጽር፣ ከዚያ ቴሌስኮፕ፤ ይህን ሥርዓት ከጠበቁ ትንሽ ገንዘብ ብዙ ያሳያል። መነጽር ያለዎት ደግሞ የአካባቢዎን ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ያነጋግሩና ጨረቃ ከ7 እስከ 10 በሆነችበት አንድ ምሽት፣ ፀጥታው ሲፈቅድ፣ ተማሪዎቹን ከወላጆቻቸው ጋር ይጥሯቸው። አንድ መነጽር ለአንድ ክፍል ተማሪ ይበቃል።